አንዴ ብቻ የተለቀለቁ ካልሲዎች

ማርሎ፣ ጁላይ 9 ቀን 1904

እህቴ ታምሲን፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሳልከፍተው በእጄ መዘንኩትና «ይሄ የሰላምታ አይደለም፣ የጥያቄ ነው» አልኩ። ለመሆኑ እንዴት ከረማችሁ? የባልሽ የሉክ ሳል ለቀቀው? ማር በትኩስ ውሃ አጠጪው፤ ከፋብሪካው ሐኪም ማር ይሻላል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ዝናብ ሳይመጣ ቀድሞ የሚያወራ ጉልበት ነው፣ ለምጄዋለሁ።

ከጁላይ አራቱ የቤዝቦል ጨዋታ በኋላ ባቡሩ ድረስ ሳልሸኛችሁ የቀረሁት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። መስሎሽ ከሆነም ይቅር በይኝ። የማርሎና የኬንዴል ሰው ሁሉ ሜዳ ገብቶ ሲደባደብ እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጭቃው ላይ የሚንከባለሉት እኮ የብርዱን ወራት ሙሉ ተጎንብሼ የሰፋኋቸው ልብሶች ናቸው። የእናንተ ልጆች የኛን ቀላቢ የሽቦ ጭምብል ከፊቱ ነጥቀው በዚያው ጭምብል ሲመቱት፣ ጥርሱ ሲረግፍ አየሁ። የኛው ልጅ ደግሞ በመምቻ ዱላ የእናንተን ልጅ ክርን ሲሰብር አየሁ። ከዚያ ወዲያ ለመሸኘት እግር ከየት ይመጣል?

ስለ ዴል ሃስኪን ጠይቀሽኛል። የጎረቤቴ የአዴላ ልጅ ነው፣ ከሱ ሌላ የላትም። ልጅሽ ክሌም ሁለተኛውን ማረፊያ ልያዝ ብሎ በእግሩ ሲንሸራተት ከጫማው ሥር ያለው ሹል ብረት ማረፊያውን የሚጠብቀውን የዴልን ቅልጥም ከፈተው። ድምፁን ሰማሁት። ወፍራም ጨርቅ ሲተረተር የሚያሰማው ድምፅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ድምፅ ከሌላ አላምታታውም። ግን አይዞሽ፣ ሁለት ጥልፍ ቢያስፈልገው ነው። የኛን ልጆች ታውቂያቸዋለሽ። አንዱ የትንባሆ ምራቁን ቁስሉ ላይ ተፋበት፣ በመሐረብ አሰሩለት፣ ካልሲውን ወደ ላይ ሳቡለትና ሦስት ዙር ተጫወተ። በዚያ ላይ አሸነፉ። ካሸነፉ ደግሞ ካልሲ አይወልቅም፣ አይታጠብም፤ ድሉ አብሮ ይወልቃል ይላሉ። እስከ ዛሬ ካልሲውን እንዳደረገ ነው የሚተኛው።

አባታችን ሲጫወት ትዝ ይልሻል? ረጅም የሱፍ ሱሪ፣ ደረቱ ላይ በቁልፍ የሚያያዝ ጋሻ መሳይ ጨርቅ፣ አንገቱ ላይ ክራባት፣ ልክ እንደ ሙሽራ። ኳሱን የሚቀልቡትም በባዶ እጃቸው ነበር። መጀመሪያ ጓንት አድርጎ የመጣውን ሰውዬ «እመቤቲቱ ደረሱ» ብለው ሲስቁበት፣ ምስኪኑ ጓንቱን የቆዳውን ቀለም አስመስሎ አስነከረው። አሁን የሽቦ ጭምብል አላቸው፣ የደረት መከላከያ አላቸው፣ ሱሪያቸው ጭን ላይ ጥጥ ጠቅጥቄ እሰፋላቸዋለሁ፤ ደሙ ግን ከዚያ ዘመን ይብሳል። መከላከያ በጨመሩ ቁጥር ጭካኔ የሚጨምሩ ይመስለኛል።

የዘንድሮው ቀይ ካልሲ ግን አያምርም? አሠልጣኛችን ሚስተር ፕሩት «ከኮረብታው ላይ የሚታይ ቀይ አድርጊልኝ» አለኝ። አደረግሁለት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጨዋታው ሳይጀመር የእናንተ ልጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ጫማቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እኛ እያየናቸው ብረቱን በሞረድ ሲስሉ ለማስፈራራት ብቻ መስሎኝ ነበር። ክሌም የምሩን ይሞርዳል?

እህትሽ ኦርፋ


ኬንዴል፣ ጁላይ 13

እትዬ ኦርፋ፣

ሉክ ይስላል። ማሩን አጠጣሁት፤ ማሩን ጠጥቶ ይስላል።

ክሌም ይሞርዳል። የማይሞርድ ተጫዋች ካለ አሳዪኝና ሉክን ትቼ እሱን ላግባ። ባለፈው ዓመት ያ ወርዋሪያችሁ፣ ሂዩብ ስትሬከር፣ ኳሱን ልጄ ጆሮ ሥር አሳርፎበት እንደነበር ረሳሽው? ሁለት ቀን ሙሉ ስሜ ጠፍቶበት «እናቴ ነሽ?» እያለ ሲጠይቀኝ ነበር። ሰው ራሱ ላይ የሚያደርገው ቆብ ጨርቅ ነው፣ እትዬ። ከዚያ በኋላ ነው ሞረዱን ከአባቱ ሣጥን ያወጣው። እኔ ልጄ ነካሽ ውሻ ነው አልልም፤ የተነከሰ ውሻ ነው እላለሁ።

ሁለት ጥልፍ ያልሽውን አላመንኩም። ስትዋሺ ብዙ ትጽፊያለሽ። ስለ አባታችን ክራባት ይሄን ያህል ምን አስወራሽ?

የልጁ እግር እንዴት ነው?

ታምሲን


ማርሎ፣ ጁላይ 20

ታምሲንዬ፣

አዎ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያን ስጽፍልሽ ዴል በትኩሳት ይቃዥ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት ሐኪሙ መጣና ካልሲውን ላውልቅ ቢል ከሥጋው ጋር ተጣብቆ እምቢ አለው። በመቀስ ቀደደው። እኔ የውሃ ሳህን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ ጠቁሯል። ቁስሉ ዙሪያ ግን ቀይ ነበር፣ ታምሲን፤ የደም ቀይ አይደለም። ድስቴ ውስጥ ያማሰልኩት ቀይ ነው። ከብዙ ቀይ መሀል ለይቼ የማውቀው የኔው ቀይ።

ሐኪሙ የገዛ ጣቶቹን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያቸውና «ይሄን ማን ነው የነከረው?» አለ። አዴላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። እናታችን እንዳስተማረችን ቀለም የሚይዘው በጨውና በኮምጣጤ ተፈልቶ፣ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ የመጨረሻው ውሃ ጠርቶ ሲወርድ ነው። ካልሲዎቹ የደረሱኝ ግን ቅዳሜ ነው፣ ጨዋታው ሰኞ። ሚስተር ፕሩት በየሰዓቱ ብቅ እያለ «ደረሰ?» ይላል። አንዴ ብቻ አለቀለቅኋቸው። ውሃው ቀይ እንደሆነ እያየሁ ሰቀልኳቸው።

ያለፈው እሑድ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። አራት ሰው ያዘው። አንዱ ስትሬከር ነበር፤ ከዴል ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ሲወጣ ሸሚዙ በሙሉ ረጥቧል። ደጃፉ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ «የክሌምን አናት ካልከፈልኩ እናቴ አልወለደችኝም» አለ። ባዶ ፉከራ እንዳይመስልሽ። ከፋብሪካው ጀርባ አሸዋ የሞላ ጆንያ በሰው ቁመት ሰቅሎ፣ አናቱ ላይ የእናንተን ዓይነት ሰማያዊ ቆብ አድርጎ፣ በየቀኑ ይወረውርበታል። ከቤቴ ይሰማል። ዱብ፣ ደግሞ ዱብ።

የመልሱ ጨዋታ የሠራተኞች ቀን፣ ሴፕቴምበር 5፣ እናንተ ሜዳ ነው። ክሌምን እቤት አስቀሪው። ታሟል በይ፣ አግብቷል በይ፣ ያሻሽን በይ።

ኦርፋ


ማርሎ፣ ኦገስት 14

ታምሲን፣

ሦስት መስመር ጽፈሽ ላክሽልኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለበትም። አልቀየምኩም። እኔም እናት ብሆን ከዚያ የረዘመ አልጽፍም ነበር። እውነትሽን ነው፣ አዴላና ልጆቹ የካልሲውን ነገር ማወቅ ያለባቸው ከኔ ነው። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ፣ አጣሁ።

ዴል ማክሰኞ ዕለት አረፈ። መርዙ ከተቆረጠው በላይ ወጥቶ ነበር።

የተቀበረው በቡድኑ ልብስ ነው። አዴላ ልብሱን ክንዷ ላይ ይዛ መጥታ «አስተካክዪልኝ» አለችኝ። የሱሪውን አንድ እግር አጥፌ ሰፋሁት። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የማልያውን ቁልፎች እያጠበቀች ነበር። ያኔ ነገርኳት።

«አዴላ፣ ቀለሙ የኔ ነው። አንዴ ብቻ ነው ያለቀለቅሁት።»

ክሩን በጥርሷ በጥሳ «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ሐኪሙ የዚያኑ ቀን ነገረኝ። ቀለሙ ይሁን፣ ምራቁ ይሁን፣ ጭቃው ይሁን ለይቼ አላውቅም አለኝ።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«ልጄን ካልሲ ገደለው ብዬ እንዴት ነው የምኖረው? ብረቱ ይሻለኛል፣ ኦርፋ። ብረቱ ባለቤት አለው። አንቺም ዝም በይ።»

ይሄን ብላ ቁልፉን መስፋት ቀጠለች።

በነጋታው ስትሬከር መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ «እማማ ኦርፋ» ነው የሚለኝ። የቀኝ እጅጌዬን አውልቀሽ ነጭ ቀይሪልኝ፣ ረዘም አድርጊና ከክርኔ በታች በመቀስ ሸንትሪው አለኝ። እንዲህ ያለ እጅጌ ሲወረውር ይርገበገባል፤ ነጩ ኳስ ከነጩ ጨርቅ መሀል መቼ እንደወጣ መቺው አያይም። ሲያይ ደርሶበታል። የሊጉ ደንብም ይሄን አይከለክልም።

«ለምንህ ነው?» አልኩት።

«ለሐዘን ነው።»

«ለሐዘን ጥቁር ነው የሚደረገው።»

«የኔ ሐዘን ነጭ ነው፣ እማማ» አለና ሳቀ። ሳቁ ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

ሸነተርኩለት። ይቅር በይኝ። እምቢ ብለው ራሱ ይሸነትረው ነበር፤ እንዲህ እያልኩ ነው የሸነተርኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለክሌም ቆብ ልኬያለሁ። ከኮርቻ ሠሪው ያገኘሁትን ወፍራም ቆዳ በሱፍ ጠቅልዬ ገበሩ ውስጥ ሰፍቼበታለሁ። ከውጭ አይታወቅም። አትንገሪው፣ ዝም ብለሽ አልብሺው።

ኦርፋ


ኬንዴል፣ ኦገስት 22

እትዬ፣

ስለ ዴል እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለእናቱ ደብዳቤ ልጽፍላት ወረቀት አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ከኔ የሚመጣ ማጽናኛ ምን ይሠራላታል።

ቆቡ ደርሷል። ክሌም አድርጎት መስታወት አየና «ይሄ ነገር ከበደኝ» አለ። ገበሩን በቢላ ከፍቶ ቆዳውን መዘዘው።

«እማ፣ ይሄን አድርጌ ብታይ እስከ ልጅ ልጄ ይሳቅብኛል።»

«ካላደረግኸው የልጅ ልጅ የለህም» አልኩት።

«አክስቴ ኮርቻ አሳምራ ትሠራለች፤ ፈረስ ፈልጊላት» አለና ቆዳውን ለውሻው ወረወረለት። ውሻው ሦስት ቀን አኘከው፣ አላለቀለትም። ይሄን ያህል ጠንካራ ነበር።

አሞታል ልበል አልኩት፤ ሜዳ በአልጋም ቢሆን እሄዳለሁ አለኝ። አባቱ መከረው፤ አባቱንም ሰማውና ሞረዱን ይዞ ወጣ። ዴል መሞቱን ሲሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር፣ ይሄን ለማንም አትንገሪ። አሁን ግን ከቀረሁ ሆን ብዬ ገድዬው የፈራሁ ነው የሚመስለው ይላል።

ባለፈው ሞረዱ የአባቱ ነው ብዬሽ አለፍኩ። ሙሉውን ስሚ። ለጁላይ አራት ሲሞርድ ጫማውን በጉልበቶቼ መሀል አጥብቄ የያዝኩለት እኔ ነኝ። «በቃ» ሲለኝ «ጫፉን ደግሞ አንዴ» አልኩት። ጆሮው ሥር የተመታውን እያሰብኩ ነው። ደግሞ አንዴ አልኩት፣ እትዬ። እና የዴልን ደም አንቺ ብቻ ይዘሽው አትዙሪ።

ጆንያው ላይ የሚወረውረውን እኔም እዚህ ሆኜ የምሰማው ይመስለኛል። አንድ ነገር አድርጊ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻ እነሱ ጋ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ታምሲን


ማርሎ፣ እሑድ፣ ሴፕቴምበር 4

ታምሲንዬ፣

ይሄ ሲደርስሽ ሁሉም አልፏል። ቢሆንም ከኔ እጅ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ትናንት ልጆቹ በሙሉ ልብሳቸውን ሊለኩ መጡ። በረንዳው ላይ ቆመው ሳለ ነገርኳቸው። ካልሲውን አንዴ ብቻ ማለቅለቄን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሁሉንም። ሚስተር ፕሩት መሬት መሬት አየ። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ እዚያው ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ። ይሰድቡኛል፣ ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ተዘጋጅቼም ነበር። ስትሬከር ግን አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝና፣ ሐኪም ለበሽተኛ እንደሚያወራው በቀስታ፣

«ገባኝ፣ እማማ ኦርፋ። ግን ካልሲ አይመታም» አለኝ።

ከዚያ እጅጌውን ለካ። ልክ ሆነለት።

ልብሶቹን እንድተኩሳቸው ጥለውልኝ ሄደዋል። ነገ ጠዋት ወደ ባቡሩ ሲሄዱ ይወስዷቸዋል። የሊጉን ደንብ ታውቂያለሽ፤ አንድ ዓይነት ልብስ ያልለበሰ ቡድን ሜዳ አይገባም፣ በፎርፌ ይሸነፋል። በመለዋወጫም የቆየ ልብስ የላቸውም፤ ለፋብሪካው መወልወያ ተቀዳዶ አልቋል።

አሁን ረፋድ ነው፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። እኔ ከትልቁ ድስት ሥር እሳት አንድጃለሁ። ሱፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲማሰል ምን እንደሚሆን ለአንቺ አይነገርም፤ የአባታችንን ሹራብ አፍልተሽ ለድመቷ አልብሰሻት ተገርፈሽበታል። አሥራ ሁለት ማልያ፣ አሥራ ሁለት ሱሪ። ለዴል ሐዘን እጅጌያቸው ላይ የሰፋሁትን ጥቁር ጨርቅ ብቻ አንድ በአንድ ፈትቼ አስቀመጥኩት። እሱ አይፈላም።

ከሠላሳ ዓመት ስፌት ሁሉ የዘንድሮው ነበር የሚያምረው። ውሃው መፍላት ጀምሯል፣ ልሂድ።

ኦርፋ


ኬንዴል፣ ሴፕቴምበር 9

እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ሰኞ ዕለት ግን ምንም ሳላውቅ ነው ሜዳ የሄድኩት። ማርሎዎች ከባቡር ሲወርዱ ሁሉም የሥራ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ማንጠልጠያ ያለው ሱሪ፣ ዘይት የነካው ሸሚዝ። ሚስተር ፕሩት አንዱን ማልያ ማስረጃ ብሎ ለዳኛው አወጣለት። የሦስት ዓመት ሕፃን ልክ ነበር። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። «ልብሳችሁን ማን ወለደው?» ይላል አንዱ። «አጥቡትና ያድግ ይሆናል» ይላል ሌላው። ዳኛው ደንቡን አነበበና ፎርፌ አለ።

ስትሬከር ግን ሰው ሲስቅ ሁሉ ኳሱን በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ክሌምን እያየ ቆሞ ነበር። በኋላ ኳሱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ባቡሩ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ጌታዬን አመሰገንኩ። ኳሱን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩም። ይቅር በይኝ፣ እትዬ፣ እሱን አላሰብኩም።

ትናንት የአዴላ ሃስኪን ደብዳቤ መጣ። አራት መስመር ናት። ሰኞ ከሰዓት ደጅሽ ሰው ተሰብስቦ እንደነበር፣ ኳስ በመስኮት ገብቶ ቀኝ እጅሽን እንዳደቀቀው፣ ድስትሽን በዱላ ቀጥቅጠው እንዳጣመሙት ጻፈች። ማን እንደሆነ አልጻፈችም። «እሷ ትንገራችሁ» ብላ ዘጋችው።

ክሌም አነበበው። ደግሞ አነበበው። አሁን የመምቻ ዱላውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ስትሬከርን ይጠረጥራል፤ ግን እርግጠኛ ሳልሆን ሰው አልነካም ብሎ ምሎልኛል። «አክስቴ ስሙን ትጻፍልኝ፣ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው» ይላል። የሠራተኛ ባቡሩ የሚወጣበትን ሰዓት ጠይቆ መጥቷል።

እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ስሙን እፈልገዋለሁ። ስለዚህ እሱን ለማስቆም በኔ አትተማመኚ።

ማነው፣ እትዬ?

ታምሲን


ማርሎ፣ ሴፕቴምበር 13

ታምሲን፣ ይሄን ለክሌም ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉን ይቅር በሉኝ። ሐኪሙ አስሮልኛል። ሁለቱ ጣቶች አይመለሱም፣ ሌሎቹ ይመለሳሉ ይላል።

ኳስ በመስኮት መግባቱ እውነት ነው። መንገዱ ላይ ልጆች ይጫወታሉ፣ ኳስ ይገባል። መስታወቱን ልጠርግ ብዬ ተነሣሁ። ወለሉ ላይ ውሃ ፈስሶ ነበር። አንሸራተተኝ፣ ድስቱን ይዤ ወደቅሁ፣ ድስቱ እጄ ላይ አረፈ። እጄም ድስቱም የተጎዱት ለዚያ ነው። ሰዎች ተሰብስበው ነበር፣ አዎ፤ ስለ ልብሳቸው ጮኹብኝ፣ ልክ ናቸው። አዴላ የመጣችው በኋላ ነው። ያየችውን ሳይሆን የመሰላትን ጽፋለች። ልጇን የቀበረች ሴት ናት፤ አትፍረዱባት።

ዛሬ ጠዋት ሂዩብ ስትሬከር መጥቶ የሁለት ሳምንት እንጨት ፈልጦልኝ ሄደ። ግባ ብለው አልገባም። ክሌም፣ እጄን የሰበረ ሰው እንጨት ይፈልጥልኛል እንዴ? እስቲ አስበው።

ስም ጠየቃችሁኝ። የምጽፈው ስም የለኝም። ዱላውን አስቀምጥና ለአባትህ ማሩን አሙቅለት።

መጽሐፍ ቅዱሱ ገበታው ላይ ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ግራ እጄን ጫንኩበት። አሁን ብዕሩን መልሼ አነሣሁ።

ወድቄ ነው።

ኦርፋ